በረራዬ ዘገየ፣ ተሰረዘ፤ ካሳ አለኝ ወይ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለች ጠባብ ቢሮ ትኬት ስቆርጥ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ትኬት መቁረጥ ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ በረራው ከተበላሸ በኋላ የሚመጣው ነው። ደንበኛው እንቅልፍ ያላየ ዓይኑን እያሸ ይገባና "ግማሽ ቀን ሙሉ አስቀመጡኝ፤ ስንት ይከፍሉኛል?" ይላል። እኔ ደግሞ "መጀመሪያ ከየት ነው የተነሳኸው?" እላለሁ። ብዙ ሰው በዚህ ጥያቄ ይናደዳል። ስለ ድካሙ እንድጠይቀው ነዋ የሚፈልገው። ግን የካሳው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። በየቀኑ የምመልሳቸውን ጥያቄዎች እነሆ ጻፍኳቸው።

በረራዬ ስለዘገየ ብቻ ካሳ ይገባኛል?

ስለዘገየ ብቻ አይገባም። ሦስት ነገር ይታያል፦ አውሮፕላኑ ከየት ተነሳ፣ አየር መንገዱ የየት አገር ነው፣ ጉዞው በአንድ ትኬት ነው ወይስ በተለያየ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ሄዳችሁ እንበል። ስትሄዱ አምስት ሰዓት ዘገየ። ስትመለሱም አምስት ሰዓት ዘገየ። አየር መንገዱ ያው ነው፣ መንገዱ ያው ነው፣ ድካሙም ያው ነው። ስትሄዱ ለዘገየው በአውሮፓ ሕግ አንድ ሳንቲም አታገኙም። ስትመለሱ ለዘገየው ግን 600 ዩሮ ልትጠይቁ ትችላላችሁ። መመለሻው የተነሳው ከአውሮፓ ኅብረት አየር ማረፊያ ነዋ።

ይሄ ሁሉም የሚያወራው የአውሮፓ ሕግ ምን ይላል?

ደንብ ቁጥር 261/2004 ይባላል። ከአውሮፓ ኅብረት አየር ማረፊያ የሚነሳን ማንኛውንም በረራ ይሸፍናል፤ አየር መንገዱ የኢትዮጵያም ይሁን የኳታር ለውጥ የለውም። ከውጭ ወደ ኅብረቱ የሚገባ በረራ ግን የሚሸፈነው አየር መንገዱ የኅብረቱ አገር ከሆነ ብቻ ነው። ኖርዌይ፣ አይስላንድና ስዊዘርላንድም በዚሁ ይሠራሉ።

ካሳው በትኬቱ ዋጋ አይሰላም። በርቀት ነው። እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር 250 ዩሮ፣ ከዚያ በላይ እስከ 3,500 ኪሎ ሜትር 400 ዩሮ፣ ከ3,500 በላይ 600 ዩሮ። ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ 600 ውስጥ ይገባል። በቅናሽ ቆርጣችሁ ትኬቱ ራሱ 400 ዩሮ ቢሆን እንኳ ካሳው 600 ነው። ይህን ስነግራቸው የማያምኑኝ አሉ።

በረራው ከተሰረዘ ደግሞ የሚታየው የነገሯችሁ ቀን ነው። ከመነሻው 14 ቀን ቀድመው ካሳወቁ ካሳ የለም፤ ገንዘቡን መመለስ ወይም ሌላ በረራ መስጠት ግን ግዴታቸው ነው። ከ14 ቀን ባነሰ ጊዜ ከነገሯችሁ ካሳ ይመጣል፤ የሰጧችሁ ምትክ በረራ ከመጀመሪያው ሰዓት ብዙም የማይርቅ ከሆነ ግን ይቀራል። በረራውን ከተያዘለት ሰዓት ከአንድ ሰዓት በላይ አስቀድሞ ማስነሳትም እንደ መሰረዝ ይቆጠራል። ይህን የወሰነው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ነው፣ በ2021 እ.ኤ.አ.።

ስንት ሰዓት ሲዘገይ ነው የሚቆጠረው? ከምን ተነስቶ?

ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ። የሚለካው መድረሻ ላይ ነው። አራት ሰዓት ዘግይቶ ተነስቶ፣ አየር ላይ ፈጥኖ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ዘግይቶ ከደረሰ ካሳ የለም። ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ጉዞ ደግሞ መዘግየቱ በሦስትና በአራት ሰዓት መካከል ከሆነ ካሳውን በግማሽ መቀነስ ይችላሉ፤ 300 ዩሮ ማለት ነው።

"ደረሰ" የሚባለውስ መቼ ነው? ይሄ ራሱ ፍርድ ቤት ደርሷል። ከሳልዝቡርግ ወደ ኮሎን በሄደ በረራ ምክንያት የተነሳ ክርክር በ2014 እ.ኤ.አ. ተወሰነ። አውሮፕላኑ መሬት የነካው ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ነበር፤ በሩ የተከፈተው ግን ከሞላ በኋላ። ፍርድ ቤቱ የሚቆጠረው ቢያንስ አንድ በር ተከፍቶ ሰው እንዲወርድ ሲፈቀድ ነው አለ። ስለዚህ ጎማው መሬት ሲነካ እንደ ልማዳችን አጨብጭቡ፣ ሰዓታችሁን ግን በሩ ሲከፈት እዩ። ስልካችሁን አውጥታችሁ ፎቶ ብታነሱ ደግሞ የበለጠ ነው።

ጀርመን የሚኖር ወንድሜ ደርሶ መልስ ከዚያው ቆርጦ መጣ። ከቦሌ ሲመለስ በረራው ተሰረዘ። ትኬቱ የአውሮፓ ነው አይደል?

ትኬቱ የተገዛበት አገር ዋጋ የለውም። መሄጃውና መመለሻው ለየብቻ ይታያሉ። በ2008 እ.ኤ.አ. በአውሮፓው ፍርድ ቤት የተወሰነ ጉዳይ አለ። አንድ ጀርመን ውስጥ ደርሶ መልስ የቆረጠ ሰው ከማኒላ ሲመለስ በረራው ተሰረዘበት። የጉዞው መጀመሪያ ጀርመን ስለሆነ ይሸፈናል ብሎ ተከራከረ። አልተቀበሉትም። መመለሻው የተነሳው ከማኒላ ነው፣ አየር መንገዱም የአውሮፓ አይደለም ተባለ።

የወንድማችሁም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ከቦሌ የተነሳው በአውሮፓ ኅብረት አየር መንገድ ከሆነ ይሸፈናል። በኢትዮጵያ፣ በቱርክ ወይም በኤምሬትስ ከሆነ በዚህ ሕግ አይሸፈንም። እንዲህ ሲሆን ወደ ሞንትሪያል ስምምነት እንሄዳለን።

የሞንትሪያል ስምምነት ምንድን ነው? ለኛ ይሠራል?

ይሠራል። የ1999 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። ከአዲስ አበባ ተነስቶ አዲስ አበባ የሚመለስ ደርሶ መልስ ትኬት፣ መሃል ላይ የትም ብትሄዱ፣ በዚህ ስምምነት ይሸፈናል። የአንድ መንገድ ትኬት ከሆነ መነሻውም መድረሻውም አባል አገር መሆን አለባቸው።

ግን ከአውሮፓው ሕግ ጋር አታምታቱት። እዚህ ላይ የተቆረጠ ዋጋ የለም። ስለዘገያችሁ ብቻ የሚወጣ ገንዘብም የለም። መዘግየቱ ያደረሰባችሁን ጉዳት በማስረጃ ታሳያላችሁ፤ ያወጣችሁትን ትጠይቃላችሁ። ያልታሰበ ሆቴል፣ ታክሲ፣ ያለፈባችሁ ሌላ ትኬት፣ የቀረባችሁ የቀን ገቢ። "ተናደድኩ፣ ተንገላታሁ" ብቻውን ዋጋ አያወጣም። አየር መንገዱም ጉዳቱን ለመከላከል በአግባቡ የሚቻለውን ሁሉ ማድረጉን ካሳየ ከኃላፊነት ያመልጣል።

ጣሪያ አለው። ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመዘግየት ለአንድ ተሳፋሪ 6,303 ኤስ.ዲ.አር. ነው። ኤስ.ዲ.አር. አይ.ኤም.ኤፍ. የሚጠቀምበት መለኪያ ነው፤ ዋጋው ከዶላር፣ ከዩሮ፣ ከዩዋን፣ ከየንና ከፓውንድ ተደባልቆ ይወጣል። በዶላር ሲመነዘር ጣሪያው ከ8 ሺህ በላይ ነው። እስከ ጣሪያው ድረስ በደረሰኝ ያሳያችሁትን ነው የምታገኙት እንጂ ጣሪያውን አይሰጧችሁም።

አንድ ጥሩ ነገር አለው። ደርሶ መልስ ከአዲስ አበባ ከቆረጣችሁ በሕግ ዓይን የመጨረሻ መድረሻችሁ አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ እዚሁ መክሰስ ትችላላችሁ። ጊዜው ሁለት ዓመት ነው፤ ካለፈ አለፈ።

በትራንዚት ስሄድ አንዱ ዘግይቶ ሁለተኛው አመለጠኝ። የማን ጥፋት ነው?

ትኬታችሁን አውጡ። ሁለቱም በረራ በአንድ የቦታ ማስያዣ ቁጥር ላይ ነው? እንደዚያ ከሆነ አንድ ጉዞ ነው። የሚለካው የመጨረሻው መድረሻ ላይ ስንት ዘገያችሁ የሚለው ነው። መጀመሪያው 40 ደቂቃ ብቻ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁና መድረሻችሁ ላይ ስምንት ሰዓት ዘግይታችሁ ብትደርሱ፣ የዘገያችሁት ስምንት ሰዓት ነው።

የአውሮፓው ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ከዚህም ርቆ ሄዷል። አንዲት ሴት ከበርሊን ካዛብላንካ፣ ከካዛብላንካ አጋዲር በሞሮኮ አየር መንገድ ቆርጣ ነበር፤ በአንድ ትኬት። ችግሩ የተፈጠረው ካዛብላንካ ላይ ነው፤ ቦታሽ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል ተባለች። ፍርድ ቤቱ ጉዞው አንድ ነው፣ የተነሳውም ከበርሊን ነው፣ ስለዚህ ይሸፈናል አለ። ይህን ወደ እኛ አምጡት። ከፍራንክፈርት ተነስቶ በአዲስ አበባ በኩል ጆሃንስበርግ የሚሄድ ሰው ችግሩ ቦሌ ላይ ቢገጥመውም ሕጉ ይከተለዋል።

ለየብቻ የተቆረጠ ከሆነ ግን ችግር ነው። ከጅማ ወይም ከባሕር ዳር ለብቻው፣ ከአዲስ አበባ ዱባይ ለብቻው የሚቆርጡ አሉ። ሁለተኛው አየር መንገድ የመጀመሪያውን መዘግየት አያውቅም፤ ለእሱ እናንተ የቀራችሁ ተሳፋሪ ናችሁ። ትንሽ ብር ለመቆጠብ ብላችሁ ይህን አታድርጉ። ካደረጋችሁም መሃሉን አንድ ሌሊት አስፉት።

ካናዳ፣ እንግሊዝና አሜሪካስ?

ካናዳ ከሁሉም ለጋስ ናት ማለት ይቻላል። ሕጓ ወደ ካናዳ የሚገባውንም ከካናዳ የሚወጣውንም ያያል፤ አየር መንገዱ የየትም ይሁን። ስለዚህ ከቦሌ ወደ ቶሮንቶ ስትሄዱም ይሠራል። ለትልልቅ አየር መንገዶች ከ3 እስከ 6 ሰዓት ለዘገየ 400 የካናዳ ዶላር፣ ከ6 እስከ 9 ሰዓት 700፣ 9 ሰዓትና ከዚያ በላይ 1,000 ነው። መዘግየቱ ግን በአየር መንገዱ ቁጥጥር ሥር ያለና ለደኅንነት ሲባል ያልተደረገ መሆን አለበት። ጥያቄውን በአንድ ዓመት ውስጥ በጽሑፍ ማቅረብ አለባችሁ። አየር መንገዱ በ30 ቀን ውስጥ ይመልሳል።

እንግሊዝ ከኅብረቱ ስትወጣ ሕጉን ይዛ ነው የወጣችው። ገንዘቡ ብቻ በፓውንድ ሆነ። ከለንደን አዲስ አበባ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከዘገየ 520 ፓውንድ ነው።

አሜሪካ ለመዘግየት የሚከፈል ካሳ የለም። ዲሲ ያሉ ዘመዶቻችሁ ሲሰሙ ይገረማሉ፤ በሁሉም ነገር ሰው የሚከሰስበት አገር አይደል። ያለው ገንዘብን የማስመለስ መብት ነው። ዓለም አቀፍ በረራ ከስድስት ሰዓት በላይ ከተለወጠና እናንተ አልሄድም ካላችሁ፣ ትኬቱ ተመላሽ የለውም የተባለ ቢሆን እንኳ ገንዘባችሁ ይመለሳል። በካርድ ለተከፈለ በ7 የሥራ ቀን።

"ከአቅማችን በላይ ነው" አሉኝ። በቃ ተዘጋ ማለት ነው?

አልተዘጋም። ይህን ዓረፍተ ነገር ሁሉም ይላሉ። ምን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ።

በአውሮፓው ሕግ ከአቅም በላይ የሚባሉት መጥፎ የአየር ጠባይ፣ የፀጥታ ችግር፣ የበረራ ተቆጣጣሪዎች አድማ፣ ወፍ ሞተር ውስጥ መግባት የመሳሰሉት ናቸው። የቴክኒክ ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ውስጥ አይገባም። አውሮፕላን መበላሸቱ የሥራው ጠባይ ነው፤ ታክሲ ነጂ ጎማዬ ተነፈሰ ብሎ ከሒሳቡ ላይ እንደማይጨምርባችሁ ማለት ነው። የአየር መንገዱ የራሱ ሠራተኞች አድማም ሰበብ አይሆንም።

በ2023 እ.ኤ.አ. የተወሰነ አንድ ከባድ ጉዳይ አለ። ከሽቱትጋርት ወደ ሊዝበን የሚበር አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ከበረራው በፊት ሆቴል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ሌሎቹ ሠራተኞች መብረር አቃታቸው፤ በረራው ተሰረዘ። ፍርድ ቤቱ አየር መንገዱ ይክፈል አለ። ሠራተኛ ሊታመም፣ ሊሞት ይችላል፤ ምትክ ማዘጋጀት የአየር መንገዱ ሥራ ነው ብሎ። ሳነበው ጨካኝ ውሳኔ መሰለኝ። እስካሁንም ልቤ አልተቀበለውም። ግን ሕጉ ይኼው ነው።

እናም በክረምት ቦሌ ላይ ጭጋግ ወርዶ ከዘገየ አትድከሙ። "ኦፕሬሽናል ምክንያት" የሚል ድፍን መልስ ከሰጧችሁ ግን ድከሙ።

ምግብና ሆቴል ሰጡኝ። ካሳውን በላሁት ማለት ነው?

በፍጹም! ይሄ ጥያቄ የራሴ ቁስል ነው። አንድ ጊዜ ከአውሮፓ ስመለስ አምስት ሰዓት ዘገየ። የምግብ ኩፖን ሰጡን፤ ሳንድዊችና ለስላሳ። ደስ ብሎኝ በላሁ፣ አመስግኜ ተሳፈርኩ። ያ ካሳዬ መስሎኝ ነበር። ነገሩን የተረዳሁት ከዓመታት በኋላ ይህን ሥራ ስጀምር ነው፤ ጊዜው አልፏል፣ ቦርዲንግ ፓሱም የለም። በ600 ዩሮ ሳንድዊች የበላሁ ሰው ነኝ።

እንክብካቤና ካሳ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ረጅም በረራ አራት ሰዓት የሚዘገይ ከሆነ ምግብና መጠጥ፣ ሁለት የስልክ ጥሪ፣ ማደር ካለ ደግሞ ሆቴልና መጓጓዣ ይሰጣል። ካሳ በማይከፈልበት ሁኔታም ይህ አይቀርም። በ2010 እ.ኤ.አ. የአይስላንድ እሳተ ገሞራ የአውሮፓን ሰማይ ሲዘጋ አንዲት የአየርላንድ ተሳፋሪ ፖርቱጋል ውስጥ ለአንድ ሳምንት ቀረች። ለምግብና ለሆቴል ከ1,100 ዩሮ በላይ አወጣች። ፍርድ ቤቱ እሳተ ገሞራም ቢሆን አየር መንገዱ ተሳፋሪውን መንከባከብ አለበት፣ ተገቢውን ወጪ ይመልስ አለ። ካልሰጧችሁ በራሳችሁ ከፍላችሁ ደረሰኝ ያዙ። መጠነኛ ሆቴል እንጂ አምስት ኮከብ አትግቡ።

ቫውቸር ሲሰጧችሁ ደግሞ የምትፈርሙትን አንብቡ። በጥሬ ገንዘብ ፈንታ ቫውቸር መስጠት የሚቻለው እናንተ ከፈረማችሁ ብቻ ነው። መብታችሁን ሳይነግሯችሁ ከሚገባችሁ ያነሰ ከተቀበላችሁ ቀሪውን መጠየቅ ትችላላችሁ።

በረራው መቀየሩን ኤጀንቱ አልነገረኝም።

ይሄ ወደ እኛው መንደር ነው፤ ልናዘዝ። ብዙ ኤጀንት ቦታ ሲይዝ የሚያስገባው የራሱን ስልክ ነው። የአየር መንገዱ መልእክት የሚመጣው ወደ ኤጀንቱ ነው። ኤጀንቱ ደግሞ እሑድ ነው፣ ወይ ለቅሶ ላይ ነው። ትኬት ስትቆርጡ "የእኔን ስልክና ኢሜይል አስገባ" በሉ፤ አስገብቶ ያሳያችሁ።

በአውሮፓው ሕግ ግን ይህ ለአየር መንገዱ ማምለጫ አይሆንም። በ2017 እ.ኤ.አ. በተወሰነ ጉዳይ፣ ከአምስተርዳም ወደ ፓራማሪቦ (ሱሪናም) በሚሄድ በረራ ላይ እንዲሁ ሆኖ ነበር። አየር መንገዱ ለኤጀንቱ በጊዜ ተናግሯል፤ ኤጀንቱ ለተሳፋሪው ዘግይቶ ነገረው። የተፈረደው አየር መንገዱ ላይ ነው።

ሰዓቱን ተሳስቼ ቀረሁ። ይቅርታ የሚባል ነገር የለም?

የለም። ካሳም የለም። በየወሩ አንድ ሰው እንዲህ ሆኖ ስለሚመጣ ግን ልጻፈው። ትኬት ላይ የሚጻፈው የፈረንጅ ሰዓትና የፈረንጅ ቀን ነው። ቀኑም የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው። "ኦገስት 14፣ 00:35" የሚል ትኬት ነሐሴ 8 ቀን ማታ ለመሄድ የተዘጋጀ ሰው አይጠቅመውም። አውሮፕላኑ የሚነሳው ነሐሴ 7 ማታ አምሽታችሁ፣ ሌሊት 6:35 ላይ ነው። በነሐሴ 8 ማታ ቤተዘመድ ተሰብስቦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ተመርቆ ቦሌ ሲደርስ በረራው ካለፈ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። እኔ ትኬቱ ጀርባ ላይ በእስክርቢቶ በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ያልጻፈላችሁን ኤጀንት ጻፍልኝ በሉት።

ትኬቱን የገዛችልኝ አሜሪካ ያለችው እህቴ ናት። ገንዘቡ ለማን ነው?

ካሳው የተጓዡ ነው። የተንገላታው እሱ ነዋ። ማን ከፈለ አይባልም፤ መሥሪያ ቤት ቢገዛላችሁም የእናንተ ነው። የትኬቱ ዋጋ ተመላሽ ግን ወደተከፈለበት ይመለሳል፤ በእህታችሁ ካርድ ከተገዛ ወደ እህታችሁ ካርድ። በዚህ የተጣሉ ቤተሰቦች አውቃለሁ።

ቦታ ሞልቷል ብለው ከለከሉኝ።

ከመቀመጫው በላይ ትኬት ይሸጣል፤ የተለመደ ነው። መጀመሪያ በፈቃዱ የሚቀር መጠየቅ አለባቸው። በፈቃዳችሁ ከቀራችሁ የምታገኙት የተስማማችሁትን ነው፤ ስለዚህ ቶሎ እሺ አትበሉ። ያለፈቃድ ከሆነ በአውሮፓው ሕግ ካሳው ወዲያው ይከፈላል፤ መጠኑ ያው ከላይ ያለው ነው።

ሻንጣዬስ?

ከአየር ማረፊያው ሳትወጡ ሪፖርት አስሞሉ። ፒ.አይ.አር. የሚባል ወረቀት ይሰጧችኋል፤ እንደ ፓስፖርት ያዙት። የተጎዳ ሻንጣ ከሆነ በ7 ቀን፣ ዘግይቶ የመጣ ከሆነ ከተረከባችሁ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አመልክቱ። 21 ቀን ሙሉ ካልመጣ እንደጠፋ ይቆጠራል።

በሞንትሪያል ስምምነት የሻንጣ ጣሪያው 1,519 ኤስ.ዲ.አር. ነው፤ ወደ 2 ሺህ ዶላር። እዚህም ማስረጃ ይጠይቃል። እኛ ደግሞ በዚህ ደካሞች ነን። ከሽሮ ሜዳ የገዛነው የሐበሻ ቀሚስ ደረሰኝ የለውም። እናታችን ያስፈጨችው በርበሬ ጭራሽ ዋጋ የለውም፤ ማለቴ ተመን የለውም። ቢያንስ ሻንጣውን ከመዝጋታችሁ በፊት ከፍታችሁ ፎቶ አንሱ። ውድ ዕቃ ካለ ቼክኢን ላይ ዋጋውን አስመዝግባችሁ ተጨማሪ ከፍላችሁ ጣሪያውን ማስነሳት ይቻላል። ወርቅ ግን በእጅ ያዙ፣ እባካችሁ።

የአገር ውስጥ በረራ?

የሞንትሪያል ስምምነት የአገር ውስጥ በረራን አይነካም። መጀመሪያ የሚታየው የአየር መንገዱ የማጓጓዣ ውል ነው። ቅሬታ ካላችሁ መጀመሪያ ለአየር መንገዱ፣ ከዚያ ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለስልጣን። ጅማ–አዲስ አበባ–ዱባይ በአንድ ትኬት ከሆነ ግን የጅማውም ክፍል የዓለም አቀፉ ጉዞ አካል ነው፤ ስምምነቱ ይደርሰዋል።

እንዴት ልጠይቅ? እስከ መቼ?

የአየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ ፎርም አለ። አጭር ጻፉ፦ የበረራ ቁጥር፣ ቀን፣ የቦታ ማስያዣ ቁጥር፣ ስንት ሰዓት ዘግይታችሁ እንደደረሳችሁ፣ የምትጠይቁት ገንዘብና የሕጉ ቁጥር። ትኬቱን፣ ቦርዲንግ ፓሱንና ደረሰኞችን አያይዙ። ስድብ አትጻፉ። ሦስት ገጽ ሙሉ ምሬት የጻፈ ደንበኛ ነበረኝ፤ የበረራ ቁጥሩን ረስቶታል።

የጊዜ ገደቡ በየአገሩ ይለያያል። በጀርመን ሦስት ዓመት፣ በፈረንሳይ አምስት፣ በእንግሊዝ ስድስት፣ በቤልጂየም አንድ ዓመት ብቻ። ዝም ካሏችሁ ወይም እምቢ ካሏችሁ በረራው ለተነሳበት አገር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይቻላል።

ይህ ሕግ ለመለወጥ እየተጎተተ መሆኑንም ልንገራችሁ። በጁን 2025 እ.ኤ.አ. የኅብረቱ አገሮች ሚኒስትሮች ሦስት ሰዓቱ እንደ ርቀቱ ወደ አራት ወይም ወደ ስድስት ይውጣ፣ 600ው ወደ 500 ይውረድ የሚል ሐሳብ ደግፈዋል። ፓርላማው ተቃውሟል።

ካሳ እናስከፍላለን የሚሉ ድርጅቶች አሉ። ልስጣቸው?

ካሸነፉ ከሩብ እስከ ሲሶ ይወስዳሉ፤ ጠበቃ ከገባ እስከ ግማሽ። ካላሸነፉ አያስከፍሉም። መጀመሪያ ራሳችሁ ሞክሩ። ፎርም መሙላት ነው፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ። እምቢ ካሏችሁና መሟገት ከሰለቻችሁ ስጧቸው። ዜሮ ከማግኘት ይሻላል።

እሺ አሉኝ፤ ግን ፎርሙ የባንክ ቁጥሬን አልቀበልም አለ።

አይባን (IBAN) የሚባለውን ዓለም አቀፍ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ስለሚጠይቅ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ አይባን የለም። የንግድ ባንክ ቁጥራችሁን አሥር ጊዜ ብትጽፉ አሥር ጊዜ ይቀላባችኋል። ሰው እዚህ ደርሶ ተስፋ ሲቆርጥ አይቻለሁ፤ ወንዝ ተሻግሮ ዳርቻ ላይ እንደመቅረት ነው። ፎርሙን ትታችሁ ጉዳዩን ለያዘው ሰው በኢሜይል ጻፉ። "አገሬ አይባን አትጠቀምም፤ በስዊፍት (ባንኮች በአገሮች መካከል ገንዘብ በሚላላኩበት መንገድ) ላኩልኝ" በሉና የባንኩን ሙሉ ስም፣ የስዊፍት ኮድ፣ የሒሳብ ቁጥራችሁንና ስማችሁን ልክ ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው ጻፉ። ስዊፍት ኮዱን የባንካችሁ ቅርንጫፍ ይነግራችኋል። አይሆንም ካሉ አውሮፓ ያለ ዘመድ ሒሳብ ላይ እንዲገባ ፈርማችሁ ትወክላላችሁ። ዘመዱን እናንተ ምረጡት፤ እዚያ ላይ እኔ የለሁበትም።